ጣሪያው ከሄደ በኋላ፦ ከኢንሹራንስ ጋር በአደራዳሪ ፊት

(ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓና አካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን አስገብቻለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። በቅድሚያ ለእናቶችና ለአባቶች ሰላምታዬ ይድረስ። ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ጨርስ ተብያለሁ፤ ስለዚህ ቶሎ ልግባበት።

በ2024 ሴፕቴምበር 26 ማታ ሄሊን የተባለው ሃሪኬን ከእኛ በስተሰሜን፣ ፔሪ ከተማ አጠገብ መሬት ነካ። ማዕከሉ ከታምፓ ርቆ ነው ያለፈው። የባሕሩ ውሃ ግን አልራቀንም፤ በባሕረ ሰላጤው በኩል ሰፈር ውስጥ ገባ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 9 ማታ፣ ሁለተኛው ሃሪኬን ሚልተን ሲየስታ ኪ ደሴት ላይ ወጣ። የትሮፒካና ፊልድ ስታዲየምን ጣሪያ ቦጫጭቆ የጣለው እሱ ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ከ18 ኢንች በላይ ዝናብ አወረደ። በመጀመሪያው ጎርፍ የገባበት ቤት በሁለተኛው ጣሪያው ተነሳ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ግድግዳው ላይ ያለው ውሃ የየትኛው ነው? የነፋሱ ነው ወይስ የባሕሩ?

የመልሱ ዋጋ በአስር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። የቤት ኢንሹራንስ ነፋስን ይሸፍናል፣ ጎርፍን አይሸፍንም። ዝናብም ቢሆን ነፋሱ ጣሪያውን ወይም መስኮቱን ከፍቶ በዚያ ከገባ ነው የሚሸፈነው። ጎርፍ ለብቻው የሚገዛ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) አለው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው በ1968 ከተቋቋመው የፌዴራል የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ቢበዛ 250,000 ዶላር ለሕንፃው፣ 100,000 ዶላር ለዕቃው። ሁለት ፖሊሲ ያለው ሰው ሁለት አጀስተር (ጉዳት ገማች) ይመጣለታል። አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። መሐል ላይ የቆመው ባለቤቱ ነው።

ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ኢንሹራንሱ የሰጣችሁ ገንዘብ ቤቱን ካልጠገነ፣ ፍርድ ቤት ከመድረሳችሁ በፊት የምትገቡበት በር አለ። በአደራዳሪ ፊት መደራደር ነው፤ ሚዲዬሽን ይባላል። ፍሎሪዳ ውስጥ ይህ በሕግ የተጻፈ መብት ነው፤ የአደራዳሪውንም ዋጋ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነው። ግን ለሁሉም እኩል አይጠቅምም። ወረቀቱን አሰናድቶ የገባ ሰው ተጠቅሞ ይወጣል። በደሉን ብቻ ይዞ የገባ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል፣ በደሉ እውነት ቢሆንም እንኳ።

እኔ በፊት አጀስተር ነበርኩ፤ የሰው ጣሪያ ላይ እየወጣሁ ጉዳት ስገምት የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን በአደራዳሪነት እቀመጣለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የምናገረውን እንደ ሕግ ምክር አትያዙት፤ የራሳችሁ ፖሊሲ ላይ የተጻፈው ከእኔ ቃል ይበልጣል።

ይህ የሚዲዬሽን መብት የመጣው አንድሩ በተባለው ሃሪኬን ምክንያት ነው። ኦገስት 24 ቀን 1992 አንድሩ ሆምስቴድን ከመሬት ደባለቀው። በማያሚ ዙሪያ ከ25,000 በላይ ቤት ፈረሰ፤ የተጎዳውማ ብዙ እጥፍ ነው። አንዳንድ ኢንሹራንሶች ጨርሰው ከሰሩ። የቀሩትን የክሌሙ (የካሳ ጥያቄው) ብዛት ዋጣቸው። ያን ሁሉ ክርክር ፍርድ ቤት ይቻለው ቢባል ዘመን ይፈጅ ነበር። ግዛቱ የማደራደር ፕሮግራም አቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ በቋሚ ሕግ አጸናው። ዛሬም የምንሠራበት አንቀጽ 627.7015 እሱ ነው። ሌሎችም ተከተሉ። ከካትሪና በኋላ ሉዊዚያናና ሚሲሲፒ፣ ከሳንዲ በኋላ በ2013 ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ተመሳሳይ ፕሮግራም አቆሙ። ካትሪና ጊዜ ሚሲሲፒ ዳርቻ ላይ ከቤቱ የቀረው የሲሚንቶ ወለሉ ብቻ የሆነ ብዙ ሰው ነበር። ነፋስ ነው ወይስ ባሕር ያፈረሰው ቢባል፣ ምስክር የሚሆነው ግድግዳ ራሱ የለም። ያ ክርክር ዓመታት ፈጀ።

አሁን ደግሞ ለምን ይበልጥ አስፈለገ? እስከ 2022 ዲሴምበር ድረስ ፍሎሪዳ ውስጥ ደንበኛው ኢንሹራንሱን ከሶ ካሸነፈ የጠበቃውን ዋጋ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ ነበር። ደንበኛው ቢሸነፍ ግን የኢንሹራንሱን ጠበቃ አይከፍልም። ስለዚህ ጠበቃ እንደ ልብ ነበር። ኢንሹራንሶቹ ጮኹ። ጩኸታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የግዛቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባወጣው ቁጥር መሠረት፣ በ2019 በመላ አገሪቱ ከቀረበው የቤት ክሌም የፍሎሪዳ ድርሻ ከአንድ አስረኛ በታች ነው፤ ከክሱ ግን ከሦስት አራተኛ በላይ የእሷ ነው። ሕግ አውጪው በዚህ ተነስቶ ያንን የጠበቃ ክፍያ ለቤት ኢንሹራንስ ሰረዘው። አሁን ሁሉም የራሱን ጠበቃ ይከፍላል።

ሕጉ የክስ ነጋዴውን መታ፤ ልክ ነው። አብሮ የመታው ግን ልዩነቱ 15,000 ወይም 20,000 ዶላር የሆነውን ተራ ሰው ነው። ይህን የሚያህል ጉዳይ ለጠበቃ አያዋጣም። ቢያዋጣም ሲሶው ለእሱ ሄዶ ጣሪያው በቀረው አይሠራም። በእኔ ግምት ከዚያ ወዲህ ለትንሽና ለመካከለኛ ክርክር ሚዲዬሽን ዋናው በር ሆኗል። ሰው ግን አይጠቀምበትም። ኢንሹራንሱ ክሌም ስትከፍቱ ስለዚህ መብት ሊነግራችሁ ግዴታ አለበት። ይነግራችኋልም፤ ከ30 ገጽ ወረቀት መሐል በአንድ አንቀጽ። እሱን ገጽ ማን ያነባል?

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ሽምግልና የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሚዲዬሽን ሲባል የገባን ይመስለናል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያገራችን ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ከነዘራቸው ያውቃል። ይቆጣል፣ ያባብላል፣ "እኔን ካከበራችሁኝ" ይላል። በመጨረሻ ሐሳቡን ይሰጣል። ያንን እምቢ ያለ ሰው ሰፈር ውስጥ ስሙ ይነሳል። እዚህ ያለው አደራዳሪ ግን አያውቃችሁም። አይፈርድም። ማን ልክ እንደሆነ አይናገርም። ኢንሹራንሱን "ነውር ነው" ብሎ አይገስጽላችሁም፤ ኢንሹራንስ ደግሞ ነውርን የሚፈራ ፍጥረት አይደለም። እምቢ ብላችሁ ብትነሱ ማንም አይቀየማችሁም። ፍርድ ቤት የመሄድ መብታችሁም እንዳለ ነው።

አንድ አባት ስለ ቤታቸው ከጅምሩ ሲተርኩ ሰምቼ አውቃለሁ። መቼ እንደገዙት፣ ልጃቸው እዚያ እንዳደገች፣ አጀስተሩ እንዴት እንደናቃቸው። ሁሉም እውነት ነው። ልቤም ተነክቷል። የኢንሹራንሱ ተወካይ ግን የሚጽፈው ነገር አላገኘም። ባዶ ወረቀት ፊቱ ላይ ነበር። እሱ ወደ አለቆቹ ተመልሶ "ይህን ያህል የጨመርኩት በዚህ ምክንያት ነው" ብሎ ማስረዳት አለበት። ያን ምክንያት እናንተ ናችሁ የምትሰጡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥያቄውን የምታቀርቡት ለፍሎሪዳ የፋይናንስ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት ነው። የእርዳታ ስልኩ 1-877-693-5236 ነው። መሥሪያ ቤቱ አደራዳሪ ይመድባል። ስብሰባው በአካል ሊሆን ይችላል፣ በቪዲዮም ሊሆን ይችላል። ጠበቃ የግድ አያስፈልግም። ጠበቃ ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ አሳውቁ። ኢንሹራንሱ የሚልከው ሰው ክሌሙን ሙሉ በሙሉ ለመክፈል ሥልጣን ያለው መሆን አለበት። "አለቃዬን ልጠይቅ" የሚል ሰው ከላከ እንዳልመጣ ይቆጠራል። ኢንሹራንሱ ከቀረ እናንተ ለመምጣት ያወጣችሁትን ወጪ ይከፍላል፤ የሚቀጥለውንም ቀጠሮ ይሸፍናል። እናንተ ከቀራችሁ ግን እንደገና ለመቀጠር የአደራዳሪውን ዋጋ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የሥራ ፈረቃችሁን ቀደም ብላችሁ አስተካክሉ። ኡበር የምትነዱም ስልካችሁን አጥፉ። (እዚህ ጋ ሳቅ ነበር።)

ስብሰባው ሲጀመር ሁላችሁም አንድ ላይ ትሆናላችሁ። በኋላ አደራዳሪው ለየብቻ ሊያነጋግራችሁ ይችላል። ለብቻችሁ የነገራችሁትን "ይህን እንዳትነግራቸው" ካላችሁት አይናገርም። እዚያ የተባለው ነገር ሁሉ ለድርድር የተባለ ነው፤ ነገ ፍርድ ቤት ላይ አያወጡባችሁም። ስለዚህ "20,000 ቢሰጡኝ እስማማለሁ" ማለት በኋላ ማነቆ አይሆንባችሁም።

ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሐሳባችሁን ለመቀየር ሦስት የሥራ ቀን አላችሁ። ይህ መብት የእናንተ ብቻ ነው፤ ኢንሹራንሱ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ያፈርሰዋል። በስምምነቱ የመጣውን ቼክ ባንክ ካስገባችሁት ወይም ከመነዘራችሁት አለቀ፣ ወደኋላ የለም። ቼኩ ቶሎ ቢመጣ እንኳ አስቀምጡት። ተኙበት። ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

አሁን ቁጥር እንሥራ። ይህ የማንም ቤት አይደለም፤ ለምሳሌ ያህል ነው። ቤቱ ኢንሹር የተደረገው በ400,000 ዶላር ነው። የሃሪኬን ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ከጉዳቱ ላይ ባለቤቱ ራሱ የሚችለው፣ 2 በመቶ ነው። ብዙ ሰው የጉዳቱ 2 በመቶ ይመስለዋል። ቤቱ ኢንሹር የተደረገበት ገንዘብ 2 በመቶ ነው፤ 8,000 ዶላር። አጀስተሩ ጉዳቱን 19,000 ገመተ። 8,000 ሲነሳ 11,000 ይቀራል። ከዚያ ላይ 4,000 የእርጅና ቅናሽ ያዘ፤ ይህ ጥገናው እየተሠራ ሲሄድ የሚለቀቅ ነው። የመጣው ቼክ 7,000 ሆነ። ኮንትራክተሩ (ጥገናውን የሚሠራው ተቋራጭ) ደግሞ 46,000 ጽፎ ሰጠ።

የቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴት ከ46,000 ላይ 7,000 ቀንሳ "39,000 ዶላር በሉኝ" ትላለች። በዚህ ቁጥር ሚዲዬሽን ከገባች ገና ከበሩ ላይ ቦታ አጣች፤ ምክንያቱም ተወካዩ ዲዳክቲብሉንና የእርጅናውን ቅናሽ አንስቶ ቁጥሩን ያፈርሰዋል፣ እሷም የማታውቅ ትመስላለች። እውነተኛው ልዩነት 46,000 ሲቀነስ 19,000 ነው። 27,000። አሁን ይህን 27,000 እንበትነው። ኮንትራክተሩ ጣሪያው በሙሉ ይቀየር ብሏል፤ አጀስተሩ አንዱን ጎን ብቻ ጻፈ። እዚያ ላይ 18,000 አለ። የውስጥ ኮርኒስ፣ ቀለምና ወለል 5,000። የአጠቃላይ ሥራ ተቋራጩ ማስተዳደሪያና ትርፍ 4,000። አየች? ጠቡ ሦስት ነገር ላይ ብቻ ነው። ከሦስቱ ደግሞ አንዱ ከሌሎቹ ሁለቱ ድምር ይበልጣል።

ጣሪያው ላይ ትቆይ። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የሕንፃ ደንብ አለ። በ12 ወር ውስጥ ከጣሪያው 25 በመቶ በላይ የሚጠገን ከሆነ ጣሪያው በሙሉ በወቅቱ ሕግ መሠረት መሠራት ነበረበት። በ2022 ይህን ደንብ አለሳለሱት። ጣሪያው በ2007ቱ የሕንፃ ሕግ ወይም ከዚያ በኋላ በወጣ ሕግ መሠረት የተሠራ ከሆነ፣ የተጎዳውን ክፍል ብቻ መጠገን ይበቃል። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ የቀድሞው ደንብ እንዳለ ነው። እንግዲህ የ18,000ው ጥያቄ ወደ ሁለት ነገር ወረደ። የተጎዳው ስንት በመቶ ነው? ጣሪያው መቼ ተሠራ? ሁለተኛውን የካውንቲው የፈቃድ መዝገብ ይመልሰዋል። ብዙ ካውንቲ በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል። አድራሻችሁን አስገብታችሁ የጣሪያውን ፈቃድ ታትማላችሁ። የመጀመሪያውን ለመመለስ ጣሪያውን የሚለካ፣ የተጎዳውን ሺንግል (የጣሪያ ልባስ) በየጎኑ እየቆጠረ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ ፖሊሲው ላይ ሕግ ያስገደደውን ተጨማሪ ወጪ የሚሸፍን ክፍል እንዳለ ታያላችሁ፤ ብዙ ፖሊሲ ላይ አለ። እነዚህን ሦስት ወረቀቶች ፊቱ ላይ ስታስቀምጡለት ተወካዩ ወደ አለቆቹ የሚወስደው ምክንያት አገኘ።

ወለሉ ላይ ደግሞ አጀስተሩ የተበላሸውን አምስት ታይል ብቻ ጽፎ ይሆናል። ያ ታይል ዛሬ ገበያ ላይ ከሌለስ? አንቀጽ 626.9744 የሚባል አለ። የተቀየረው ከቀረው ጋር በጥራት፣ በቀለም ወይም በመጠን ካልገጠመ፣ ኢንሹራንሱ አጎራባቹን ክፍልም በሚመጥን መንገድ ማስተካከል አለበት ይላል። ታይሉን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። የለም ካሉ በጽሑፍ አስፈርሙ። ስለ ተቋራጩ ትርፍ ያለው ክርክር ቀላል ነው። ጣሪያ ሠሪ፣ ኮርኒስ ሠሪና ቀለም ቀቢ በአንድ ቤት ላይ የሚሠሩ ከሆነ የሚያስተባብር ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው በነጻ አይሠራም። በተለምዶ 10 በመቶ ለማስተዳደሪያ፣ 10 በመቶ ለትርፍ ይጻፋል።

ይህን ሁሉ ካመጣችሁ በኋላ እንኳ 27,000ውን ሙሉ ታገኛላችሁ ብዬ ቃል አልገባም። ኢንሹራንሱ ይህን ሥራ በየቀኑ ይሠራዋል፤ እናንተ ምናልባት በዕድሜያችሁ አንድ ጊዜ ነው። ሚዛኑ ከመጀመሪያው እኩል አይደለም። የሚያስተካክለው ዝግጅታችሁ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ለራሳችሁ ብቻ አንድ ቁጥር ወስኑ፤ ከዚያ በታች ተነስቼ እሄዳለሁ የምትሉትን። ያንን ቁጥር ከቤተሰብ ጋር ተስማሙበት። ባል እሺ ሲል ሚስት በጠረጴዛ ሥር ስትረግጠው አይቻለሁ።

ስለ ይሉኝታ ካልተናገርኩ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። አጀስተሩ ሲመጣ ቡና እናፈላለን። ጥሩ ነው። ከዚያ "ይህ ጣሪያ በፊት ያፈስ ነበር?" ብሎ ሲጠይቅ፣ እንዳናስቸግረው ብለን "ኧረ ትንሽ፣ ምንም አይልም" እንላለን። እሱ "ቀድሞ የነበረ ጉዳት" ብሎ ይጽፋል። ያቺ ቃል ከወር በኋላ ሚዲዬሽን ላይ ተመልሳ ትመጣለች። ከሦስት ዓመት በፊት ማዕድ ቤት ላይ አፍስሶ አስጠግናችሁት ከሆነ፣ እንዲያ ብላችሁ ንገሩት፤ ደረሰኙንም አሳዩት። ውሸት አትናገሩ፤ በትህትናም ራሳችሁ ላይ አትመስክሩ። በስልክ ድምጻችሁ እየተቀዳ ሲጠይቋችሁ፣ ስላልገባችሁ ነገር እሺ አትበሉ። "አልገባኝም፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ።

ሌላው የጽዳት ነገር ነው። እንግዳ ሊመጣ ይችላል ብለን የራሰውን ምንጣፍ በማግስቱ አውጥተን እንጥላለን። ጣሪያውን በሸራ መሸፈን፣ ውሃውን ማውጣት ግዴታችሁ ነው፤ ጉዳቱ እንዳይብስ። ግን የተበላሸውን ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። በግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን መስመር ከወለሉ እየለካችሁ አንሱ። ሄሊንና ሚልተን ጊዜ ይህ ብቻውን ብዙ ክርክር ይፈታ ነበር። መስመሩ ከታች ከሆነ ባሕር ነው። እድፉ ከኮርኒሱ ከጀመረ ከላይ ነው የመጣው። በሁለቱ ሃሪኬኖች መሐል ባሉት ቀናት የተነሳ ፎቶ ያለው ሰው ወርቅ ይዟል።

የዲዳክቲብሉን ነገርም ሳልረሳው ልንገራችሁ። ፍሎሪዳ ውስጥ የሃሪኬን ዲዳክቲብል የሚቆጠረው በዓመት ነው። በመጀመሪያው ሃሪኬን 5,000 ዶላር ጉዳት ደርሶባችሁ ዲዳክቲብሉ ስላልሞላ ምንም ካልተከፈላችሁ፣ ያ 5,000 ለሁለተኛው ይቆጠርላችኋል፤ ኢንሹራንሱ ያው እስከሆነ ድረስ። ስለዚህ "ከዲዳክቲብል በታች ነው፣ ምን ዋጋ አለው" ብላችሁ ክሌም ሳትከፍቱ አትቅሩ። ደረሰኙንም ያዙ።

የማይሆንበትን ደግሞ ላሳጥረው። የፌዴራሉ የጎርፍ ፖሊሲ በዚህ ፕሮግራም አይገባም። እሱ የራሱ መንገድ አለው፤ የእምቢታው ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለፌማ (ለፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ይግባኝ ይባላል፣ ክስ ከሆነ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ልዩነቱ ከ500 ዶላር በታች ከሆነ አይታይም። ኢንሹራንሱ ማጭበርበር አለ ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ካለው አይታይም። ሁለታችሁም በጉዳቱ መነሻ ተስማምታችሁ ያ መነሻ ፖሊሲው ላይ ከሌለም አይታይም። መነሻው ራሱ የሚያከራክር ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ ያ ለድርድር ይቀርባል።

ጊዜውንም ልብ በሉ። ነፋሱ ካለፈበት ቀን ጀምሮ ክሌም ለመክፈት አንድ ዓመት ነው ያላችሁ። በኋላ የተገኘ ተጨማሪ ጉዳት ለማቅረብ 18 ወር። ከዚያ በኋላ ሚዲዬሽንም አይረዳችሁም። በፊት ረዘም ያለ ነበር፤ የድሮውን የሚነግራችሁን ጎረቤት አትስሙ።

ከጥያቄዎቹ

"ልጄ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ እሷ ብታስተረጉምልኝስ?" ዕድሜዋን ጠየቅሁ። 13 ነው ተባለ። እንዳያደርጉት ለመንኳቸው። ልጅ የእርጅና ቅናሽ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ እናቷ ፊት የተባለውን ክፉ ቃልም ትደብቃለች። ወረቀቱን አስቀድሞ ያነበበ አዋቂ ሰው ይዛችሁ ኑ። አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋችሁም ጥያቄውን ስታቀርቡ ተናገሩ።

"ፐብሊክ አጀስተር ልቅጠር?" ኢንሹራንሱ የሚልከው ሳይሆን እናንተ ራሳችሁ የምትቀጥሩት ገማች ነው፤ ለትልቅና ለተወሳሰበ ጉዳት ሊጠቅም ይችላል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ማዕበል ፍሎሪዳ ውስጥ ለመጀመሪያው ዓመት ክሌም ከ10 በመቶ በላይ መጠየቅ አይችልም። በር እያንኳኳ ዛሬውኑ ፈርሙ የሚላችሁን አታስገቡ። ኮንትራክተርም "የክሌሙን መብት ለእኔ ፈርሙልኝ" ካለ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በወጡ ፖሊሲዎች ላይ ያ ተከልክሏል።

"አፕሬዛል ግቡ አሉን፤ ያው ነው ወይ?" ያው አይደለም። እዚያ እናንተ አንድ ገማች፣ እነሱ አንድ ገማች ትመርጣላችሁ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛው ይወስናል። የራሳችሁን ገማች የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ የሦስተኛውንም ዋጋ ትጋራላችሁ። በገንዘቡ መጠን ላይ የተወሰነው ያስራችኋል። ኢንሹራንሱ ስለ ሚዲዬሽን መብታችሁ ሳይነግራችሁ ከቀረ አፕሬዛል ግቡ ብሎ ሊያስገድዳችሁ አይችልም። አንዳንድ ፖሊሲ ላይ ደግሞ ስለ አርቢትሬሽን የሚናገር ተጨማሪ ወረቀት ተያይዟል። ፖሊሲያችሁ ሲታደስ የመጣውን ወረቀት ሁሉ ተመልከቱ። አርቢትሬሽን ላይ ሌላ ሰው ይወስንባችኋል።

"ወንድሜ ዳላስ ነው፣ እሱስ?" ቴክሳስ እንደዚህ ያለ ለሁሉም የሚሆን ፕሮግራም የላትም። ቅሬታ የሚቀርበው ለቴክሳስ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነው። በ2015 ዲሴምበር 26 ጋርላንድን የመታው ቶርኔዶ ጊዜ ብዙ ሐበሻ እዚያ ነበር፤ በረዶውማ በየዓመቱ ነው። እዚያ ያሉት አንድ ነገር ይወቁ። "ዲዳክቲብላችሁን እኔ እችላለሁ" የሚል ጣሪያ ሠሪ ከ2019 ጀምሮ ሕግ እየጣሰ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ዘመዶችም መጀመሪያ የየግዛታቸውን የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ይጠይቁ፤ ቅሬታ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ከተቀመጠች እህት መጣ። "ተስማማን፣ ቼኩ መጣ፣ ግን የባንኩም ስም አለበት። ለምን?" ቤቱ ላይ የባንክ ዕዳ ስላለ ነው። ባንኩ ካልፈረመበት አይመነዘርም። ብዙ ጊዜ ባንኩ ገንዘቡን ይዞ ሥራው በተሠራ ቁጥር በየደረጃው ይለቃል፤ መሐል ላይ የራሱን ተቆጣጣሪ ይልካል። ስለዚህ ከሚዲዬሽኑ ቀን በፊት ባንካችሁ ጋ ደውሉና የኢንሹራንስ ቼክ የሚመለከተውን ክፍል አነጋግሩ። የሚፈልጉትን ወረቀት ዝርዝር ውሰዱ። ከኮንትራክተሩ ጋር ስትዋዋሉም ክፍያው በዚያው ደረጃ እንዲሆን ጻፉ። አለበለዚያ እሱ ግማሹን በቅድሚያ ይጠይቃችኋል፣ ባንኩ ደግሞ ሲሶውን ብቻ ነው የለቀቀላችሁ።